በገዛ ግቢያችን የምንተክለው ሰሌዳ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። በምርጫ ሰሞን በየቤቱ ደጃፍ ላይ ስለምትተከለው የፕላስቲክ ሰሌዳ፤ ሁላችንም «ሳይን» ስለምንላት። ሁለት የሽቦ እግር አላት፣ የዕጩው ስም ተጽፎባታል፣ ነፋስ ሲነሳ ትወድቃለች። ትንሽ ናት። ነገር ግን በዚህ ወቅት ብቻ ሦስት አባሎቻችን በእርሷ ምክንያት ምክር ጠይቀውናል። አንዷ ከሰፈሯ የቤት ባለቤቶች ማኅበር «ካላነሣሽ ትቀጫለሽ» የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። ሁለተኛዋ ኪራይ ቤት ውስጥ ናት፤ በመስኮቷ የለጠፈችውን እንድትነቅል አከራይዋ ነግሯታል። የሦስተኛዋ ጥያቄ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቷ፣ እርሷም የእኛው አባል ናት፣ በሰሌዳ የተነሣ ከተኮራረፉ ቆይተዋል።

ኮሚቴው እኔን የጋበዘኝ ጠበቃ ስለሆንሁ አይደለም፤ ጠበቃ አይደለሁም። በምኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የታውንሃውስ ሰፈር፣ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ቦርድ ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች የሚጻፉበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከወዲያም ከወዲህም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «አትትከሉ» የሚለን ማን ነው? መንግሥት ነው? የሰፈሩ ማኅበር ነው? ወይስ አከራይ ነው? ለሦስቱ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን የምንደናገረው ሦስቱን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው።

ከመንግሥት እንጀምር። መንግሥት ስል ከተማውን፣ ካውንቲውንና ስቴቱን ማለቴ ነው። ሚዙሪ ውስጥ፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ፣ ላዱ የምትባል የደህና ኑሮ ሰዎች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1990 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ ማርጋሬት ጊሌዮ የምትባል የዚያች ከተማ ነዋሪ ጦርነቱን የሚቃወም ሰሌዳ በግቢዋ ተከለች። ቁመቱና ስፋቱ 24 በ36 ኢንች ነበር። ሰሌዳው ጠፋ። ሌላ ተከለች፤ እርሱም ተገፍትሮ ወድቆ ተገኘ። ለፖሊስ ብታመለክት ቀድሞም ቢሆን በከተማዋ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ክልክል ነው ተባለች። የከተማውን ምክር ቤት ፈቃድ ጠየቀች፤ ከለከሏት። ከሰሰች። በመሐሉ ከተማዋ ደንቧን ቀይራ ሌላ አወጣች፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከጽሕፈት ወረቀት የማይበልጥ የሰላም ጽሑፍ በሁለተኛ ፎቅ መስኮቷ ላይ ለጠፈች። አዲሱ ደንብ ይህንንም ይከለክል ነበር።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለእርሷ ፈረዱ። ከተማዋ ያቀረበችው ምክንያት የከተማ ውበት ነበር፤ ሰሌዳ ሲበዛ ሰፈር ይዝረከረካል የሚል። ፍርድ ቤቱ ይህን ጭንቀት ከንቱ ነው አላለም። ነገር ግን ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚያቆመው ሰሌዳ ምትክ የለውም አለ። ርካሽ ነው፤ ለጋዜጣ ማስታወቂያ የሚከፍለው የሌለው ሁሉ ሊተክለው ይችላል። ደግሞም ሐሳቡ የማን እንደሆነ ቤቱ ራሱ ይናገራል። እኅቶቼ፣ ይህ ለእኛ ነው። ጋዜጣ የለንም፣ ቴሌቪዥን የለንም፤ ደጃፍ ግን አለን።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ትልቅ ፍርድ መጥቷል። አሪዞና ውስጥ ጊልበርት በምትባል ከተማ፣ የራሷ ሕንፃ የሌላት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቦታዋን የሚጠቁም ሰሌዳ በየመንገዱ ታቆም ነበር። የከተማዋ ደንብ ሰሌዳዎችን እንደ ይዘታቸው ከፋፍሎ ነበር። አመለካከት የሚገልጸው እስከ 20 ስኩዌር ፊት፣ በመኖሪያ ቤት የሚተከል የምርጫ ሰሌዳ እስከ 16፣ የስብሰባ ቦታ የሚጠቁመው ግን እስከ 6 ብቻ፤ እርሱም ከስብሰባው በፊት ለ12 ሰዓት፣ ካለቀ በኋላ ለ1 ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንን ሻረው። በአጭሩ ያለው ይህ ነው፦ መንግሥት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ለአንዱ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ደንብ ማውጣት አይችልም። መጠኑን፣ ቁመቱን፣ ከመንገድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት መወሰን ይችላል፤ ለሁሉም እኩል ከሆነ።

እዚሁ አጠገባችንም ፍርዶች አሉ። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በመኖሪያ ግቢ የሚተከል የምርጫ ሰሌዳ ከምርጫው 45 ቀን ቀደም ብሎ፣ ከምርጫው በኋላ ደግሞ እስከ 10 ቀን ብቻ ይቁም የሚል ደንብ ነበረው። የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ሻረው። በቨርጂኒያ አርሊንግተን ካውንቲ ደግሞ በአንድ ግቢ ከሁለት ሰሌዳ በላይ ክልክል ነበር። ይህም እ.ኤ.አ. በ1993 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሻረ። ዳኞቹ ከሰጡት ምክንያት አንዱን ስሙልኝ፦ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት መራጮች የተለያየ ዕጩ ቢደግፉ ደንቡ ድጋፋቸውን የሚገልጹበትን ዕድል ያጠብባል አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስንቶቻችን ነን ደጃፋችን ላይ የባለቤታችን ሰሌዳ ብቻ የቆመው? ባልና ሚስት አንድ ቤት እንጂ አንድ ድምፅ አይደሉም። የቤቱ ብድር በሁለቱም ስም ነው፤ ግብሩም ከሁለቱም ደመወዝ ይከፈላል። ግቢው ታዲያ የሁለታችንም ነው። ሁለት ሰሌዳ ጎን ለጎን ቢቆም የሚያፍር ትዳር የለም። ልጆቻችን እናታቸው የራሷ ሐሳብ እንዳላት ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ደጃፍ ነው።

መንግሥት ግን የሚከለክለውና እኛም ልናከብረው የሚገባ ነገር አለ። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለችው ሣር፣ ብናጭዳትም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ መንገድ ክልል ናት። የመንገድ ማካፈያውም እንዲሁ። የመብራት ምሰሶም የእኛ አይደለም። በቨርጂኒያ በመንገድ ክልል ላይ ለተተከለ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ 100 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። በሜሪላንድ በምርጫ ጣቢያ መግቢያና መውጫ 100 ጫማ ያህል ርቀት ውስጥ ቅስቀሳ ክልክል ነው። የፖስታ ሣጥን ደግሞ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው ነው፤ ቴምብር የሌለበት የቅስቀሳ ወረቀት ማስገባት አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ፤ ወደ ቤት ባለቤቶች ማኅበር። ኤች ኦ ኤ የምንለው ነው። ይህን ለማስረዳት ከዕድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዕድር መንግሥት አይደለም። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ስትገቢ ፈርመሻል፣ ካጠፋሽ ትቀጫለሽ። ኤች ኦ ኤም እንዲሁ ነው። ቤቱን ስንገዛ ከፈረምነው የወረቀት ክምር ውስጥ ደንቡ አለበት። ልዩነቱ ከዕድር ወጥቶ ቤት መኖር ይቻላል፤ ከኤች ኦ ኤ ለመውጣት ግን ቤት መሸጥ ነው። መንግሥት ባለመሆኑም የላዱው ፍርድ በቀጥታ አያስረውም። ብዙዎቻችን «ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድልኛል» ብለን ደብዳቤ የምንጽፈው ይህን ባለማወቅ ነው።

ታዲያ ምን ያድነናል? የስቴት ሕግ። በሜሪላንድ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በአባሉ ግቢ የሚቆምን የዕጩ ሰሌዳ፣ ወይም ለሕዝብ ውሳኔ የቀረበን ጥያቄ የሚደግፍ ወይም የሚቃወም ሰሌዳ፣ ጨርሶ መከልከል አይችልም። ሁሉም በጋራ በሚጠቀምበት ቦታ ላይ እንዳይተከል መከልከል ይችላል። ጊዜም ሊወስን ይችላል፤ ሆኖም በሌላ ሕግ የተወሰነ ጊዜ ከሌለ፣ ከምርጫው በፊት ከ30 ቀን፣ ከምርጫው በኋላ ከ7 ቀን ሊያሳጥረው አይችልም። ደብዳቤ ለደረሳት እኅታችን መልሷ እዚህ ውስጥ አለ። ሰሌዳዋ የዕጩ ነው፣ የቆመው በገዛ ግቢዋ ነው፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የማኅበሩ ደንብ «ማንኛውም ሰሌዳ ክልክል ነው» ቢልም፣ ስለ ዕጩ ሰሌዳ ሲሆን ሕጉ ከደንቡ በላይ ነው።

ጋዜጣችንን በሌላ ስቴት ሆናችሁ ለምታነቡም ጥቂት ልጥቀስ። በቴክሳስ ማኅበሩ ከምርጫው 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 10 ቀን በኋላ መከልከል አይችልም፤ ነገር ግን ለአንድ ዕጩ አንድ ሰሌዳ ብቻ፣ ከ4 በ6 ጫማም እንዳይበልጥ ማድረግ ይችላል። በዋሽንግተን ስቴት ማኅበሩ ከምርጫ በፊት የፖለቲካ ሰሌዳን በነዋሪው ግቢ መከልከል አይችልም፤ አተካከሉን ግን በአግባቡ ሊወስን ይችላል። በካሊፎርኒያ ለንግድ ያልሆነ ሰሌዳ እስከ 9 ስኩዌር ፊት ድረስ የተጠበቀ ነው።

ሦስተኛው አከራይ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል። የግል አከራይ መንግሥት አይደለም፤ የፈረማችሁት የኪራይ ውል ይገዛችኋል። ካሊፎርኒያ ተከራይ እስከ 6 ስኩዌር ፊት የሚደርስ የፖለቲካ ሰሌዳ በመስኮቱ ወይም በበሩ እንዲለጥፍ በሕግ ፈቅዳለች። በየስቴቱ ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ አከራይዋ ንቀይ ያላትን እኅታችንን የመከርኳት ይህንን ነው፦ መጀመሪያ ውልሽን አንብቢ፤ በመስኮት ላይ ስለሚለጠፍ ነገር የሚል አንቀጽ አለ ወይ? ከሌለ፣ በጽሑፍ ጠይቂው። ካለ ደግሞ፣ ለሁሉም ተከራይ እኩል እየተሠራበት እንደሆነ ተመልከቺ። የቤት ዋስትናሽን በአንድ ሰሌዳ ላይ አታስይዢ። መኪናሽ አለ፣ ልብስሽ አለ፣ አንደበትሽ አለ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ።

በሜሪላንድ ያለው ጥበቃ ለዕጩና ለምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው ብያለሁ። ስለ ጦርነት፣ ስለ አገራችን ጉዳይ፣ ስለ ባንዲራ የሚቆም ሰሌዳ በዚህ ጥበቃ ውስጥ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የላዱዋ ሴት ሰሌዳ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ነበር፤ መንግሥት ሊከለክላት እንደማይችል ተፈረደላት። እኛም ስለ ኢትዮጵያ የምንተክለውን ካውንቲው ስለ ይዘቱ ሊነካብን አይችልም። የሰፈራችን ማኅበር ግን፣ ደንቡ ውስጥ ካለ፣ አንሡ ሊለን ይችላል።

ባለፉት ዓመታት አገራችን በጦርነት ውስጥ ስታልፍ ይህ ጉዳይ በየሰፈራችን ደርሷል። አንዷ እኅታችን በግቢዋ አንድ ጽሑፍ አቆመች። ከእርሷ ሦስት ቤት አልፋ የምትኖረው ሌላዋ እኅታችን ተቃራኒውን አቆመች። የሁለቱም ዘመዶች እዚያ ነበሩ፤ የሁለቱም ስልክ ሌሊት ሌሊት ይጮኽ ነበር። ከዚያ አንዷ ለቦርዳችን አመለከተች፤ «የእርሷን አስነሡልኝ» ብላ። የራሷ ሰሌዳ ቆሞ ሳለ ማለት ነው። ቦርዱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ወደ እኔ ዞሩና «የቱ ነው መጥፎው?» ብለው ጠየቁኝ።

የመለስኩት አንድ ነው፦ አልተረጉምም። ደንባችን ሰሌዳን በይዘቱ አይለይም፤ ከቆመ ሁለቱም ይቁም፣ ከተነሣም ሁለቱም ይነሣ። እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ፤ ከሁለቱ አንዱ ልቤን ያሳምመው ነበር። ነገር ግን ዛሬ የማልወደውን ለማስነሣት የምሰጠው ሥልጣን ነገ የምወደውን ያነሣል። ቦርዱ በዚሁ ተስማማና ሁለቱም ቆሙ። ኮከብ ያለበትንና የሌለበትን ባንዲራ እየለየ የሚፈርድ የሰፈር ኮሚቴ እንዲኖረን የምንፈልግ ይመስላችኋል? ከአገራችን ስንወጣ ብዙዎቻችን የሸሸነው ማን ምን እንዳለ የሚመዘግብ ኮሚቴን ነው። ግድግዳም ጆሮ አለው እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ መጥተን እኛው ጆሮ አንሁን።

ሁለቱ እኅቶች ዛሬም በሁሉም አይስማሙም። ነገር ግን የአንደኛዋ እናት ስታርፍ ሌላዋ ንፍሮ ቀቅላ መጥታለች። ማኅበራችን የተመሠረተው ለዚህ ነው። ሰሌዳ ይነቀላል፤ ጎረቤት ግን ይቀራል።

ስለ ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለውንም በአጭሩ ልንካ፤ ጥያቄው ስለሚደጋገም። ሰሌዳ መትከል ሐሳብን መግለጽ ነው፤ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። በፌዴራልና በስቴት ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን የዜጎች ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ያላችሁ በስሕተት እንኳ አትመዝገቡ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያሳጣል። ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ ትፈቅዳለች፤ ለከተማው ምርጫ ብቻ። ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት ግሪን ካርድ ላላቸው ይፈቀዳል፤ ከዚያ በታች ያለ ፈቃድ ላላቸው ክልክል ነው፣ ለሰሌዳ ማሠሪያም ቢሆን። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ምንም አታድርጉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ በገዛ ግቢያችሁ መትከል ትችላላችሁ፤ ወደ መሥሪያ ቤት ይዛችሁ መግባት ግን አትችሉም።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል። ማኅበራችን ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ዕጩ መደገፍም መቃወምም አንችልም። ስለዚህ በቢሯችን መስኮት የማንም ዕጩ ሰሌዳ አታዩም፤ የሊቀ መንበራችን ወንድም እንኳ ቢወዳደር። ሰው መራጭ ሆኖ እንዲመዘገብ እንረዳለን፣ እንዲህ ያለ ትምህርት እንሰጣለን፤ የሰጣችሁን ገንዘብ ግን ለማንም ዘመቻ አናውልም። አባላት በየቤታቸው የሚያደርጉት የየራሳቸው ነው።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አትደንግጡ፣ ደብዳቤውንም አትጣሉት። ቀኑን ጻፉበት። ሁለተኛ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንሡት፤ ከእግረኛ መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ እንዲታይ አድርጋችሁ። ሦስተኛ፣ የትኛውን ደንብ እንደጣሳችሁ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሰው እንዲነግሯችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ አትጨቃጨቁ። በሜሪላንድ ማኅበሩ ቅጣት ከመጣሉ በፊት ጥፋቱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ለማስተካከል ጊዜ መስጠት፣ ስትጠይቁም መሰማት የምትችሉበት ስብሰባ ማዘጋጀት አለበት። አራተኛ፣ ስብሰባው ላይ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከእኛ አንዷ አብራችሁ ትቀመጣለች። አምስተኛ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያይ ኮሚሽን አለ፤ የቦርድ አባላትም ሥልጠና እንዲወስዱ ካውንቲው ያስገድዳል። ማመልከቻውን ለመሙላት እናግዛችኋለን። ሰሌዳው ከተሰረቀባችሁ ደግሞ የሰው ንብረት ነው የተሰረቀው፤ ለፖሊስ አመልክቱ እንጂ የጎረቤትን አትንቀሉ። ምርጫው ሲያልፍም በጊዜው አንሡት፤ ዝናብ የበላው ሰሌዳ ለማንም አያምርም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በየሰፈራችን የባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እንገኝ። እኔ ቦርድ የገባሁት ሰባት ሰው ብቻ በተገኘበት ምሽት፣ አንድ ወንበር ባዶ ስለነበረ ነው። ደንቡን የሚጽፉት የሚመጡት ናቸው። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያሳደርነው ብዙ ነው፤ ይህ ግን ሆድ የሚፈጀው ነገር አይደለም። በወር አንድ ምሽት ነው።

ደብዳቤ የደረሳት እኅታችን ስብሰባዋ የፊታችን ሐሙስ ማታ ነው። አብረዋት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። እኔ አንዷ ነኝ። ሁለተኛዋ ከመውጣታችሁ በፊት ስሟን ለጸሐፊያችን ትስጥ።